በቧንቧ ውሃ የተጀመረ ዩኒቨርሲቲ

የቦርከና ዩኒቨርሲቲ ታሪክ አራት ገጽ ነው። ከአራቱ አንዱን የፕሬዚዳንቱ ፎቶግራፍ ይዞታል፤ ሌላውን ራዕይ፣ ተልዕኮና እሴቶች ተካፍለውታል። የቀሩትን ሁለት ገጾች የጻፈው ወንድምአገኘሁ ነው። ወንድምአገኘሁ በሕዝብ ግንኙነት ክፍል ውስጥ ፀጉሩን ያሸበተ የደጋን ከተማ ሰው ነው። ታሪክ አልተማረም። የዩኒቨርሲቲውን ታሪክ እንዲጽፍ የተደረገው፣ ዩኒቨርሲቲው ገና ዩኒቨርሲቲ ሳይሆን በታይፒስትነት ስለተቀጠረና ከዚያን ጊዜ ሰዎች መካከል ሳይዛወር፣ ለትምህርት ውጭ ሳይሄድና ሳይሞት የቀረው እሱ ብቻ ስለሆነ ነው።

ታሪኩ በየሁለት ዓመቱ እንደገና ይታተማል። ፕሬዚዳንት ሲለወጥ ፎቶው ይለወጣል፤ ተማሪ ሲጨምር ቁጥሩ ይጨምራል። ሳትለወጥ የኖረችው የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር ናት። «ዩኒቨርሲቲው ሥራውን የጀመረው በቧንቧ ውሃ ነው» ትላለች።

ወንድምአገኘሁ ይህችን ሲጽፍ ብዙ አላሰበባትም። ለደሴ ሰው ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነው። ታክሲ ውስጥ «ቧንቧ ውሃ ወራጅ አለ» ይባላል እንጂ «ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር ወራጅ አለ» ያለ ሰው እስካሁን አልተሰማም። የዚያ ሰፈር ሰው በስልክ «የት ነህ?» ሲባል «ቧንቧ ውሃ ነኝ» ይላል፤ ጠያቂውም ከቧንቧው ጋር ምን እንዳገናኘው አይጠይቅም። ዩኒቨርሲቲው የተጀመረው እዚያ ሰፈር፣ በወይዘሮ ፈትሂያ ይመር ግቢ፣ ከመንገድ በኩል ያሉትን ሁለት ክፍሎች ተከራይቶ ነው። አንደኛው ክፍል ጽሕፈት ቤት ነበር። ሁለተኛው ሬጅስትራር፣ ፋይናንስና ንብረት ክፍል ነበር፤ ሲዘንብ ደግሞ የዘበኛው ማደሪያ ይሆናል። ወይዘሮ ፈትሂያ ከኋላ ባሉት ክፍሎች ይኖሩ ነበር፤ አሁንም የሚኖሩት እዚያው ነው።

ወይዘሮ ፈትሂያ አንድ ቀን ጠዋት፣ ክረምቱ እየጠነከረ ሳለ፣ ጃንጥላቸውን እየነቀነቁ ወንድምአገኘሁ ቢሮ ገቡ።

«እንዴት አደርክ ወንዴ፤ ደጋኖች ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው እትዬ ፈትሂያ። ይቀመጡ እንጂ።»

«ልቀመጥ አልመጣሁም፤ ሀጃ ነው ያመጣኝ» አሉና ተቀመጡ። «ቤቴን ቀለም ቀቡት።»

«ማሻአላህ። ምን ዓይነት ቀለም?»

«ቀይ። ኤክስ አድርገው።»

ወንድምአገኘሁ ፈገግታው ጠፋ። በወይዘሮ ፈትሂያ ደጅ የሚያልፈው መንገድ ሊሰፋ እንደሆነ ሰምቷል። መስመሩ ላይ ያሉ ቤቶች እንደሚነሱና ባለቤቶቻቸው በቦሩ ሜዳ በኩል ምትክ ቦታ እንደሚያገኙም ሰምቷል። ቀይ ቀለም የተቀባ ቤት ማለት ክረምቱ ሲወጣ ማሽን የሚገባበት ቤት ማለት ነው።

«ቦሩ ሜዳስ ክፉ አገር ነው እንዴ?» አለ።

«ማን ክፉ ነው አለ? ሆስፒታሉም ቅርብ ነው ይሉኛል። እኔ ታምሜያለሁ አልኩ?» ጃንጥላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። «ወንዴ፣ አባቴ በሠራው ቤት ነው የተወለድኩት። እዚያው ተዳርኩ፤ ባሌ ነው ወደኔ የመጣው፣ ቤት ስላልነበረው። ከዚያ ቤት ወጥቼ ያደርኩት ለለቅሶ፣ ለሠርግና ለሐጅ ብቻ ነው። በዚህ ዕድሜዬ ጎረቤት እንደ አዲስ ልልመድ?»

«ሌላ መፍትሔ የለም አሉ?»

«አለ አሉ። ኢንጂነሩ ተውፊቅ የሚባል ልጅ ነው፤ ጨዋ ነው፣ አባቱንም አውቀዋለሁ። 'እማማ፣ ቤትዎ ታሪክ ካለው መስመሩን ትንሽ ዘወር ማድረግ እንችላለን' አለኝ። ታሪክማ አለው አልኩት። ዩኒቨርሲቲ የወለደ ቤት ነው አልኩት። 'እንግዲያው ዩኒቨርሲቲው ራሱ በፕሬዚዳንቱ ፊርማ የቤቱ ልጅ ነኝ ይበል' አለኝ። ይኸው መጣሁ።»

ወንድምአገኘሁ ከመደርደሪያው ላይ አንድ የታሪክ ቅጂ አነሳና የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር አነበበላቸው።

«ሰፈሬን ጽፈሃል» አሉ ወይዘሮ ፈትሂያ። «ቤቴስ?»

«ቤትዎ በሚቀጥለው እትም ይገባል። ለጊዜው ለኢንጂነሩ የድጋፍ ደብዳቤ እጽፋለሁ፤ ፕሬዚዳንቱ ይፈርማሉ።»

«ይፈርማል?»

«መቼም...»

«አብሽር፣ ይፈርማል» አሉት፣ ማጽናናት የሚገባው እሱ መሆኑን ረስተው። ጃንጥላቸውን ይዘው ወጡ።

ደብዳቤው አጭር ነበር። ዩኒቨርሲቲው ሥራ የጀመረው «ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር፣ በወይዘሮ ፈትሂያ ይመር መኖሪያ ቤት» መሆኑን ይገልጽና ቤቱ ቢጠበቅ ዩኒቨርሲቲው ደስ እንደሚለው ይናገራል። ወንድምአገኘሁ ይህን ይዞ ወደ ፕሬዚዳንቱ ቢሮ ሲወጣ ዶክተር ስለሺን ቆመው አገኛቸው። ዶክተር ስለሺ የሚቆሙት ደስ ሲላቸው ወይም እንግዳ ሲሸኙ ነው፤ እንግዳ አልነበረም።

«ና፣ ና፣ አንተን ላስጠራህ ነበር» አሉት። «ጉድ ሠርተሃል።»

ወንድምአገኘሁ ይህ ቃል በሁለት ትርጉም እንደሚሠራ ስለሚያውቅ የትኛው እንደሆነ ጠበቀ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ዓመት ዩኒቨርሲቲዎች ይለያሉ ተብሎ ነበር። አንዳንዱ የምርምር ዩኒቨርሲቲ ይባላል፣ አንዳንዱ የተግባር፣ የቀረው ደግሞ አጠቃላይ። ማንም አጠቃላይ መባል አልፈለገም። የምርምር ለመባል ከምሥረታ ጀምሮ የተያዘ የትኩረት መስክ ማሳየት ያስፈልጋል። ሰነዶቹን የሚያየው ኮሚቴ ከአዲስ አበባ የጻፈው የመጀመሪያ አስተያየት ፕሬዚዳንቱ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል። ኮሚቴው ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች የትኩረት መስካቸውን ያገኙት ካለፈው ዓመት ወዲህ እንደሚመስል ጠቅሶ፣ ቦርከና ግን «ገና ከጅምሩ በቧንቧ ውሃ ላይ መሥራቱ» እንዳስደነቀው ይናገራል። በአካልም መጥቶ ሊያየው ይፈልጋል።

«እኔም መጀመሪያ ስሾም ይህችን ዓረፍተ ነገር አንብቤ ነው የኮራሁት» አሉ ዶክተር ስለሺ። እሳቸው ከሌላ ክፍለ አገር ነው የመጡት። የሚኖሩት ግቢ ውስጥ ነው፤ የሚሄዱት በመኪና ነው፤ የደሴ ታክሲ ውስጥ አንድም ቀን ገብተው አያውቁም። «በውሃ የጀመረ ዩኒቨርሲቲ። እስቲ ሌላ ማን አለ?»

ወንድምአገኘሁ ጉሮሮውን ጠረገ። «ክቡር ፕሬዚዳንት፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነው።»

«ምን?»

«ሰፈር ነው። እታች፣ ደሴ ውስጥ። እዚያ ቤት ተከራይተን ነበር።»

ዶክተር ስለሺ ሄደው በሩን ዘጉ። ተመልሰው ተቀመጡ።

«ሰፈሩ ለምን ቧንቧ ውሃ ተባለ?»

«ድሮ ቧንቧ ስለነበረበት ይመስለኛል።»

«አየህ» አሉ ዶክተር ስለሺ።

ወንድምአገኘሁ ምኑን እንደሚያይ ስላላወቀ ደብዳቤውን አቀበላቸው። ፕሬዚዳንቱ አንብበው ሲጨርሱ ጣታቸውን «ሰፈር» የሚለው ቃል ላይ አሳረፉ።

«ይህን ፈርሜ ለከተማው ልላክና፣ ያኛውን ለኮሚቴው ልስጥ? ሁለቱ ወረቀቶች አንድ ቀን ቢገናኙስ?»

«ሴትየዋ ቤታቸው ሊፈርስ ነው።»

«አዝናለሁ። ከልቤ ነው የማዝነው። ግን ግምገማው ይለፍ።»

«ግምገማው ክረምቱ ሲወጣ ነው። ማሽኑም የሚገባው ክረምቱ ሲወጣ ነው።»

«እንግዲህ አብረው ይደርሳሉ» አሉና ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ከተው ገፉት። ቀጥለውም ሐሳባቸውን ተናገሩ። የውሃ ምህንድስና ክፍሉ፣ የሙከራ ገንዳውና ቧንቧዎቹ ሁሉ ያሉት በኮምቦልቻው ካምፓስ ነው። ኮሚቴው በአውሮፕላን የሚያርፈው ኮምቦልቻ ነው። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሯ ላይ አንዲት ቃል ትጨመር። «ዩኒቨርሲቲው ሥራውን የጀመረው ኮምቦልቻ ላይ በቧንቧ ውሃ ነው» ትበል።

«ይህማ ውሸት ነው፣ ክቡር ፕሬዚዳንት።»

«ኮምቦልቻ ላይ ሥራ አልጀመርንም?»

«በኋላ ጀምረናል።»

«ዓረፍተ ነገሩ መቼ ይላል?»

አይልም። ወንድምአገኘሁ ሁለት ጊዜ አነበባት፤ መቼ አትልም። ቃሏን ያስገባውም ራሱ ነው፤ ሌላ ታይፒስት አልነበረም። አዲሱ እትም በሚያብረቀርቅ ወረቀት ታተመና ለመሥሪያ ቤቶች ሁሉ ታደለ። አንዱ ቅጂ ኢንጂነር ተውፊቅ ጠረጴዛ ላይ ደረሰ።

ነሐሴ ሲጋመስ ወይዘሮ ፈትሂያ ስልክ ደወሉ።

«ወንዴ፣ ኮምቦልቻ ነው እንዴ የጀመራችሁት?»

«ማን አለ እትዬ?»

«ተውፊቅ አነበበልኝ። 'እማማ፣ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ኮምቦልቻ ነኝ እያለ እኔ ምን ልበል?' አለኝ። እውነቱን ነው፣ ምን ይበል? እኔ ቤት የነበራችሁ ጊዜ ታዲያ ምን ስትሠሩ ነበር?»

«እትዬ፣ ግምገማ የሚባል ነገር አለ። እሱ ይለፍና...»

«በቤቴ ላይ ነው እንዴ የሚያልፈው?»

«ይቆራረጣል፣ እትዬ። ኔትወርኩ...»

«እኔ አንተን በደንብ እሰማሃለሁ» አሉ ወይዘሮ ፈትሂያ። «አፉ በለኝ ወንዴ፣ እጄ ላይ ነው ያደግከው ለማለት አይደለም፤ ስትቀጠር ትልቅ ሰው ነበርክ። ግን ያ ቤት ሀቅ አለው ወይስ የለውም?»

«አለው።»

«እንግዲያውስ ሰዎቹ የት ነው የሚመጡት?»

«የመስከረም መጨረሻው ሐሙስ፣ ኮምቦልቻ፣ ትልቁ አዳራሽ» አለ ወንድምአገኘሁ። ለምን እንደነገራቸው ራሱም አላወቀም፤ የተጠየቀውን የመመለስ ልማድ ነበረበት።

«እኔም መጥቼ ልየው።»

«ምኑን?»

«የጀመራችሁበትን» አሉና ስልኩን ዘጉ።

ያ ሐሙስ ደረሰ። የዩኒቨርሲቲው ሰዎች ከደሴ ጉም ውስጥ ካፖርታቸውን ለብሰው ተነሱ። የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርዱ ጆሯቸው ተደፈነ፤ ኮምቦልቻ ሲደርሱ ካፖርታቸውን በክንዳቸው ይዘው ላባቸውን ጠረጉ። ካምፓሱ ተጠርጎ፣ ተቀብቶና ባነር ተሰቅሎለት ነበር። በዚያ ሰሞን ውሃ በፈረቃ ስለነበር፣ እንግዶቹ ቤተ ሙከራው ውስጥ ቧንቧ ሲከፍቱ እንዳያፍሩ የውሃ ቦቴ ማለዳ ገብቶ ገንዳውን ሞልቷል።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ፕሮፌሰር እስከዳር ይባላሉ። ቀጭን ናቸው፤ ጠፍጣፋ ጫማ አድርገዋል፤ ሲነገራቸው ማስታወሻ አይዙም፣ ዝም ብለው ነው የሚያዩት። ይህ ጠባያቸው ሌላ ዓይነት ገምጋሚ የለመዱትን ሰዎች ያስጨንቅ ነበር። ገንዳውን ዞረው አዩ፤ ቧንቧውን ከፈቱ፤ ውሃው መጣ፤ ዘጉት። ከዚያ ሁሉም ወደ አዳራሹ ገባ።

ወንድምአገኘሁ ገና በሩ ላይ ሳለ ወይዘሮ ፈትሂያን አያቸው። የዒድ ልብሳቸውን ለብሰው ፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል። ስብሰባ ያለ አገር ሽማግሌ ስለማይደረግ ፕሮቶኮሉ ሽማግሌዋ ናቸው ብሎ ወስዶ እዚያ አስቀምጧቸዋል፤ አንድ ጠርሙስ ውሃም ሰጥቷቸዋል። ወንድምአገኘሁ አጠገባቸው ሄዶ ጎንበስ አለ።

«እትዬ፣ ምን ሊያደርጉ ነው?»

«ምንም። ይቀመጡ አሉኝ፣ ተቀመጥኩ። በሚኒባስ መጥቼ እግሬ አብጧል።»

«እንዳይናገሩ።»

«ካልተጠየቅኩ ምን አስናገረኝ?»

መርሐ ግብሩ በትውውቅ ጀመረ። ድምፅ ማጉያው ከእጅ ወደ እጅ ሄደ። አንዱ ተነስቶ ስሙን ተናገረና «ከሃይድሮሊክስ» አለ። ሌላው «ከመስኖ ምህንድስና» አለ። ሦስተኛው «ከምርምርና ማኅበረሰብ አገልግሎት» አለ። ድምፅ ማጉያው ወይዘሮ ፈትሂያ ዘንድ ሲደርስ እሳቸውም እንደ ሰው ሁሉ ተነሱ።

«ፈትሂያ ይመር» አሉ። «ከቧንቧ ውሃ።»

ፕሮፌሰር እስከዳር ቀና አሉ። «ከቧንቧ ውሃ?»

«አዎ።»

«ከመጀመሪያው ጀምሮ ነበሩ?»

«ኧረ ከነሱም በፊት ነበርኩ።»

አዳራሹ ተንሾካሾከ። ዶክተር ስለሺ ወንድምአገኘሁን ተመለከቱ፤ ወንድምአገኘሁ ባነሩን ተመለከተ።

«እስቲ አጀማመሩን ይንገሩን» አሉ ፕሮፌሰሯ፣ ወንበራቸውን ወደ ፊት እየሳቡ።

«ጥሩ ሰዎች ነበሩ፤ ወላሂ፣ ክፉ አላየሁባቸውም። ፀጥ ያሉ ናቸው። ወንበር አልነበራቸውም፣ የኔን ሰጠኋቸው። አንዱን ሰብረውብኛል፣ አፉ ብያለሁ።»

«ውሃውስ?»

«የቱ ውሃ?»

«የቧንቧው።»

«እሱማ ይመጣል፣ ይሄዳል።»

«ማን ነበር የሚከታተለው?»

«ሁሉም ነበር የሚከታተለው። መጣ ሲባል ሥራውን ጥሎ የማይወጣ የለም። አለቃቸው ራሱ ይቀዳ ነበር።»

«አለቃው ራሳቸው?»

«በባልዲ» አሉ ወይዘሮ ፈትሂያ። «ክራቫቱን ወደ ትከሻው መልሶ።»

ከመስኖ ምህንድስና የመጣው ሰው አንገቱን በአክብሮት ነቀነቀ። ያኔ የነበሩ ሰዎች መስክ ላይ የሚሠሩ እንደነበሩ አጠገቡ ላለው በጆሮው ነገረው። ዶክተር ስለሺ ይህች ጨዋታ እዚህ ላይ ብታቆም ምንም እንደማይጎድላት ስለተረዱ ድምፅ ማጉያውን ለመቀበል እጃቸውን ዘረጉ። «እናታችን፣ በጣም እናመሰግናለን።»

«አንድ ጊዜ፣ ዶክተር» አሉ ፕሮፌሰር እስከዳር። «ቦታውን ላየው እፈልጋለሁ። ከዚህ ካምፓስ በየት በኩል ነው?»

«ከዚህ?» አሉ ወይዘሮ ፈትሂያ። «ኮምቦልቻ ቧንቧ ውሃ የለም።»

የኮምቦልቻው ካምፓስ ዲን እስከዚያች ሰዓት አንድም ቃል አልተናገሩም ነበር። የተወለዱት ኮምቦልቻ ነው። ተነሱ።

«እናቴ፣ ይቅርታ፣ ኮምቦልቻ ቧንቧ ውሃ አለ።»

«የለም ልጄ።»

«እንዴት የለም? ቤቴ ድረስ ገብቷል።»

«ቧንቧ ውሃ ደሴ ነው ያለው። እኔ እኮ እዚያው ነው የተወለድኩት።»

«ደሴዎች ይህን ነገር መቼ ነው የምትተዉት?» አለ ከኋላ አንድ ሰው። ሌላው ደግሞ ደሴም ቢሆን በሳምንት ስንቴ እንደሚመጣ ይታወቃል አለ። የደሴው ካምፓስ ሰዎች ይህ አልጣማቸውም። ለትንሽ ጊዜ አዳራሹ ውስጥ የምርምር ጉዳይ ቀርቶ የትኛው ከተማ የተሻለ ውሃ እንደሚያገኝ ክርክር ሆነ። ወይዘሮ ፈትሂያ ለምን እንደተቆጡባቸው ስላልገባቸው ቆመው ጠበቁ። ፕሮፌሰር እስከዳር ክርክሩን ከዳር እስከ ዳር ካዳመጡ በኋላ ከፊታቸው ያለውን አብረቅራቂ ታሪክ ገለጡ።

«ይህን የጻፈው ማነው?»

ዶክተር ስለሺ በትሕትና ወደ ወንድምአገኘሁ አመለከቱ። «የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያችን ያብራራል» አሉ። ዓይናቸው ግን እንዴት አድርጎ እንደሚያብራራ እየነገረው ነበር። በቤተ ሙከራው ላይ እንዲያተኩር፣ ስለ ሴትየዋ ደግሞ ዕድሜ ነው እንዲል። ዕድሜ ነው ቢል አዳራሹ ሁሉ ያምነዋል። ወይዘሮ ፈትሂያም በሚኒባስ ወደ ደሴ ይመለሳሉ፤ ቀለሙ እንደተቀባ ነው፤ ማሽኑ ከበላዩ ያለውን ሰፈር ጨርሶ እየወረደ መሆኑን ወንድምአገኘሁ ትናንት በዓይኑ አይቷል።

ወንድምአገኘሁ ተነሳ። ድምፅ ማጉያውን የሚያቀብለው ሲጠፋ ያለ ድምፅ ማጉያ ተናገረ።

«ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነው» አለ። «ደሴ ውስጥ ነው። ዩኒቨርሲቲው የተጀመረው በእሳቸው ቤት ነው። ኮምቦልቻ የሚለው ቃል በኋላ የገባ ነው።»

ማንም አልሳቀም። ከመስኖ ምህንድስና የመጣው ሰው አንገቱን መነቅነቅ አቆመ።

«ታዲያ 'ሰፈር' ብለህ ብትጽፍ ምን ነበረበት?» አሉ ፕሮፌሰሯ።

«ደሴ ውስጥ ሰፈር አንለውም። ቧንቧ ውሃ ነው የምንለው።»

«እኛ ደግሞ ደሴ አይደለንም» አሉና ታሪኩን ዘጉት። ከዚያ ወደ ወይዘሮ ፈትሂያ ዞሩ። «እናቴ፣ ወደ ደሴ በምን ነው የሚመለሱት?»

«በሚኒባስ።»

«አብረን እንሂድ። ቤቱን ያሳዩኛል።»

ሐረጎን በዩኒቨርሲቲው መኪና ወጡ። ከፊት ዶክተር ስለሺ ነበሩ፤ አንድ ጊዜም ወደ ኋላ አልዞሩም። ወይዘሮ ፈትሂያ መንገዱን ሙሉ ለፕሮፌሰሯ የትኛው መንደር የማን እንደሆነና ማን ከማን እንደተጋባ ሲያስረዱ ወንድምአገኘሁ በመስኮት ገደሉን ያይ ነበር። ቤቱ ደጃፍ ሲደርሱ ፕሮፌሰር እስከዳር ከቀዩ ኤክስ ፊት ትንሽ ቆሙ። አጠገቡ ባለው ሱቅ ላይ የተጻፈውንም አነበቡ፤ «ቧንቧ ውሃ ዳቦ ቤት» ይላል። ወደ ፊተኛው ክፍል ገቡ። ክፍሉ ውስጥ ሁለት ጆንያ እህል፣ አንድ ብስክሌትና ጎማ የሌለው ጋሪ አለ።

«እዚህ ምን ይሠራ ነበር?» ብለው ጠየቁ።

ወይዘሮ ፈትሂያ ወደ ወንድምአገኘሁ አመለከቱ። «እሱ ይተይብ ነበር። ጥርስ ያፋጫል ድምፁ። እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር።»

ፕሮፌሰሯ በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ማስታወሻ ያዙ።

ውጤቱ ኅዳር ላይ መጣ። ቦርከና የተግባር ዩኒቨርሲቲ ተባለ። የውሃው መስክ ጥሩ ጅምር እንዳለው፣ ግን ጅምሩ የቅርብ ጊዜ እንደሆነ ተጻፈ። ከማሳሰቢያዎቹ መካከል አንዲቱ፣ ዩኒቨርሲቲው የተመሠረተበትን ቤት ባስቸኳይ ማስጠበቅና ማሳሰቢያው መፈጸሙን ማሳወቅ አለበት ትላለች። ሌሎቹ ማሳሰቢያዎች በጀት ይጠይቁ ነበር፤ ይህች ፊርማ ብቻ ነበር የምትጠይቀው። ዶክተር ስለሺ መሳቢያቸውን ከፍተው ያንኑ የክረምቱን ደብዳቤ አወጡና ቀኑን አስተካክለው ፈረሙ። ማሽኑ ያኔ ዳቦ ቤቱ ድረስ ደርሶ ነበር።

ኢንጂነር ተውፊቅም ቃሉን ጠበቀ፤ መስመሩን ዘወር አደረገው። ሰፊው መንገድ ወይዘሮ ፈትሂያ ደጅ ሲደርስ በድንገት ይጠብና ካለፋቸው በኋላ ይሰፋል። ባጃጅ ነጂዎች እዚያ ቦታ ሲደርሱ ፍሬን ይይዙና ዩኒቨርሲቲውን ይሰድባሉ። ዳቦ ቤቱ ታሪክ ስላልነበረው ሄዷል።

ወንድምአገኘሁን ማንም አልተቆጣውም። ጥር ሲገባ በክብር ተጠርቶ የታሪካዊው የምሥረታ ቤት አስተባባሪ ሆኖ መሾሙ ተነገረው። ዶክተር ስለሺ እጁን ጨበጡት። «ታሪክ ወዳድ ነህ» አሉት። «ከታሪኩ አጠገብ ብትሆን ይሻላል።» ደመወዙ አልተነካም። የተነካው ቢሮው፣ ኮምፒውተሩ፣ የሰርቪስ መቀመጫውና በየሁለት ዓመቱ የሚጽፈው ታሪክ ነው። ታሪኩን አሁን ሌላ ሰው ይጽፈዋል፤ አዲሱ እትም ዩኒቨርሲቲው ደሴ ከተማ ውስጥ ተመሠረተ ብሎ ያልፋል።

ወንድምአገኘሁም ጆንያዎቹና ጋሪው ወጥተውለት በፊተኛው ክፍል ተቀመጠ። የዩኒቨርሲቲው ምልክት ያለበት ታፔላ በሩ ላይ፣ የፕሬዚዳንቱ ፎቶ ግድግዳው ላይ ተሰቀለ። የሚጎበኝ ሰው እምብዛም አይመጣም። አንዳንዴ ሰው ይገባና ዳቦ ቤቱ ወዴት እንደተዛወረ ይጠይቃል። ወይዘሮ ፈትሂያ ከኋላ ሆነው ሥራቸውን ይሠራሉ፤ ከሰዓት ሲሆን ወንበር ይዘው ይመጡና እንደ መሥሪያ ቤት ባልደረባ ያጫውቱታል።

የበልጉ ዝናብ በጀመረበት ሳምንት ወንበር ሳይይዙ መጡ።

«ወንዴ፣ መኝታ ቤቴ ያፈሳል። አናጢ ጠርቻለሁ፤ ሁለት ቆርቆሮ ነው የሚለወጠው።»

«እትዬ፣ ቆይ። ቤቱ እኮ አሁን ተመዝግቧል። ያለ ፈቃድ ሚስማር አይመታበትም።»

«ፈቃዱን ማን ይሰጣል?»

«ዩኒቨርሲቲው። በኔ በኩል ነው የሚጠየቀው።»

«እንግዲያው ጠየቅኩህ።»

ወንድምአገኘሁ ለዋናው ግቢ ጻፈ። ዋናው ግቢ ጉዳዩ ቴክኒካዊ መሆኑን ጠቅሶ ለጥናት ወደ ኮምቦልቻ መራው። ኮምቦልቻ ደግሞ ጣሪያው በመጀመሪያ ምን ዓይነት ቆርቆሮ እንደነበረ በጥናት ሳይረጋገጥ መንካት እንደማይቻል መለሰ፤ ባለሙያ እንደሚልክም ተስፋ ሰጠ። ይህ ሁሉ ሲሆን ዝናቡ አልጠበቀም። አልጋው ከግድግዳው ወደ መሐል፣ ከመሐልም ወደ በሩ ተገፋ።

«የላኩት ባለሙያ የት ደረሰ?» አሉ ወይዘሮ ፈትሂያ አንድ ከሰዓት በኋላ። ከጀርባቸው አናጢው መሰላሉን ይዞ ቆሟል።

«መኪና እየጠበቀ ነው።»

«ከኮምቦልቻ እዚህ ሚኒባስ አለ እኮ። እኔ ሄጄበታለሁ።»

«እነሱ በሚኒባስ አይመጡም፣ እትዬ።»

«ይሁን፤ ሲመጣ እንነቅልለታለን» አሉና ወደ አናጢው ዞሩ። «ውጣ ልጄ፣ ቢስሚላህ በልና ጀምር።»

የመጀመሪያው ሚስማር ሲመታ ቤቱ በሙሉ ተሰማው። የፕሬዚዳንቱ ፎቶ ግድግዳው ላይ ትንሽ ዘመመ። ወንድምአገኘሁ ከወንበሩ ተነሳና በመንገድ በኩል ያለውን በር ዘጋ፤ ድምፁ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ነው። ከዚያ መስኮቱንም ዘጋ።